ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የአንድ ዓመት የወፍ ዝርዝር አያያዝ

በአንድ ዓመት ውስጥ ያገኛችኋቸውን የወፍ ዝርያዎች የምትመዘግቡበትን ዝርዝር ጥር ላይ አትጀምሩ። ኢበርድ የተባለው የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ዓመቱን ከጃንዋሪ 1 ስለሚቆጥር ብዙ ጀማሪ በዚያው ይሄዳል። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ግን መስከረም 1 ይሻላል። በመስከረም የሱሉልታ ሜዳ ገና ውኃ እንዳዘለ ነው፤ በክረምት የሚራቡት የሣር ወፎች ወንዶቻቸው የመራቢያ ላባቸውን አልጣሉም፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኞችም መግባት ጀምረዋል። ከዚያ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ መንገዱ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ታኅሣሥ ላይ ዝርዝሩን ገምግማችሁ የጎደለውን ብታዩ ስደተኞቹ ሚያዝያ ላይ ከመመለሳቸው በፊት ሦስት አራት ወር ይተርፋችኋል። መስከረም ላይ ያመለጠ የሣር ወፍ ደግሞ ነሐሴ ላይ፣ ዓመቱ ሳይዘጋ፣ ዳግም ላባውን ለብሶ ይጠብቃል።

ቀጥሎ የሚወሰነው ክልሉ ነው። ከመስቀል አደባባይ በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ክብ በካርታ ላይ አስምሩ። እንጦጦ፣ ጉለሌ፣ ሱሉልታ፣ ገፈርሳ፣ መናገሻ ሱባ፣ ወጨጫ፣ የረር፣ አቃቂና ቢሾፍቱ ሁሉም ውስጥ ይገባሉ። ደብረ ሊባኖስ፣ የጀማ ሸለቆና ቆቃ ውጭ ይቀራሉ። ይቅሩ። ጀማ ሸለቆ ሃርዉድስ ፍራንኮሊን የምትባለው፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ቆቅ አለች፤ ብዙ ሰው ለእሷ ብሎ ክቡን ያሰፋና ዓመቱን ሙሉ ሲያሰፋ ይኖራል። ክብ አንዴ ከተሰመረ ከመስከረም 2 ጀምሮ አይነካም።

ክቡ ትንሽ ይምሰል እንጂ ከቢሾፍቱ ሐይቆች 1,900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። የኢትዮጵያ ወፎች፣ በጠቅላላው ከ850 በላይ ዝርያ ናቸው፣ ከምንም በላይ የሚከፋፈሉት በከፍታ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን የሚያሳድገው አንዱን ቦታ ሃያ ጊዜ መመላለስ አይደለም። አራት ዓይነት ቦታ አለ፦ የደጋ ሜዳ፣ የተፈጥሮ ደን፣ ውኃ፣ ሞቅ ያለው የቢሾፍቱ አካባቢ። አራቱንም በየወቅታቸው መንካት ነው ሥራው።

የግቡን ቁጥር በተመለከተ ግምታችን ይህ ነው። በየሳምንቱ አንድ ግማሽ ቀን የሚወጣ ሰው 150 ዝርያ ያልፋል። በወር አንድ ሙሉ ቀን ወደ ቢሾፍቱ ወይም መናገሻ ከጨመረ 200 ይደርሳል። 250 ላይ ለመድረስ ቴሌስኮፕ፣ የድምፅ ዕውቀትና ሰኔ ላይ ጭቃ መርገጥ ያስፈልጋል። በየትኛውም ግብ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ 60 በመቶው ካልተያዘ የቀረው አይሞላም፤ ያኔ ግቡን ዝቅ አድርጉ ወይም የጉዞ ቀን ጨምሩ።

መሣሪያ

8 በ42 ባይናኩላር፣ ማለትም 8 ጊዜ የሚያጎላና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ይበቃል። 10 በ42 ያጎላል፤ ነገር ግን በእንጦጦ ነፋስ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ደን ውስጥም የሚታየው ክብ ጠባብ ስለሆነ ወፏን ሳታገኟት ታመልጣለች። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ተመልከቱበት፤ ምሰሶው ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ከደቂቃ በኋላ ዓይን ከታመመ ውስጡ ተዛብቷል፤ አትግዙት። መስታወቱን በብርሃን በኩል አይታችሁ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ በክረምት ይብሳል። ቴሌስኮፕ ለገፈርሳና ለቢሾፍቱ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ አንዱ ለሦስት ሰው ይበቃል።

የተቀረው ተራ ነገር ነው፦ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ ለስልክ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ፓወር ባንክ፣ ኮፍያ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። የአፍሪካ ቀንድን የሚሸፍን የወፍ መለያ መጽሐፍ ያዙ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ተብሎ ለኬንያና ለታንዛንያ የተዘጋጀው የደጋ ወፎቻችንን አይዝም። ሜርሊን የተባለው መተግበሪያ ለፎቶ ጥሩ ረዳት ነው፤ የድምፅ መለያው ግን ለእኛ ደጋ ወፎች አስተማማኝ አይደለም። ስልኩ ስም ስላወጣ ብቻ ዝርዝር ላይ ወፍ አይገባም። ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ የሚመስል ነገር አትልበሱ፤ ምክንያቱን ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

መጀመሪያ ግቢያችሁን

የመጀመሪያዎቹ ከ25 እስከ 30 የሚሆኑ ዝርያዎች መኪና አይፈልጉም። በከተማው ዳርቻ ዛፍ ባለው ማንኛውም ግቢ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዋትልድ አይቢስ በጩኸት ያልፋል፤ ዋይት ኮላርድ ፒጅን የተባለችው አንገቷ ላይ ነጭ ያላት ርግብ ጣራ ላይ ናት፤ ብራውን ራምፕድ ሲድኢተር፣ ስዌንሰንስ ስፓሮው የተባለው ድንቢጥ፣ ስፔክልድ ማውስበርድ፣ ኮመን ፊስካል፣ ባግላፌክት ዊቨር፣ ሁዲድ ቮልቸር የተባለው ጥንብ አንሣ፣ ኦገር በዛርድ፣ ሁሉም ደጅ ናቸው። ፍሬ የያዘ ሾላ ወይም ጽድ ካለ ብላክ ዊንግድ ላቭበርድ የተባለችው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ጠዋት ትመጣለች፤ ቀይ ምንቃሯና የወንዱ ቀይ ግንባር ጥርጣሬ አይሰጡም። ሬት ሲያብብ ታካዜ ሰንበርድ ይመጣል። ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ሐምራዊ የሚሆነው ፀሐይ ስትመታው ብቻ ነው፤ ጭራው መሐል ረዘም ያሉ ሁለት ላባዎች አሉ።

ጥልቀቱ ከ3 እስከ 4 ሣንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ ሣህን ውኃ ሞልታችሁ ከአጥር ቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡ። ከጥር እስከ የካቲት፣ ሌላው ውኃ ሲደርቅ፣ ወፍ በራሱ ይመጣላችኋል። ጠልቆ የተሞላ ባልዲ ግን ትናንሾቹን ያሰጥማል። ውኃውን በየሁለት ቀኑ ለውጡ፤ ድመት ካለ ሣህኑን ከፍ አድርጉት።

ሱሉልታ፣ መስከረምና ጥቅምት

ሱሉልታ ካመለጠ ዓመቱ ይጎድላል። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዛችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በሜዳው ዳር ብትወርዱ ጥሩ ነው። ጭጋግ ካለ አትጨነቁ፤ ሰዓቱ ሦስት ሳይሞላ ይነሣል፤ እስከዚያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ።

እዚህ የሚቀድሙት የሣር ወፎቹ ናቸው። የሎ ቢሾፕ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ ነው። የሎ ክራውንድ ቢሾፕ ያንሳል፤ አናቱና ጀርባው ቢጫ ነው። ሬድ ኮላርድ ዊዶበርድ ጥቁር ነው፤ ረጅም ጭራና በጉሮሮው ላይ ቀይ ጥብጣብ አለው። መስከረም ላይ ሦስቱን መለየት ሕፃንም ይችላል። ኅዳር ሲገባ ወንዶቹ ላባቸውን ጥለው እንደ ሴቶቹ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናሉ፤ ያኔ ሁሉም ድንቢጥ ይመስላሉ፤ አዋቂውም ይሳሳታል። ስለዚህ ሌላ ነገር ሁሉ ይቆይና የመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ለእነሱ ይሁኑ።

ከዚያ የጅረቱን ዳር ተከተሉ። ሩዤስ ሬል ዶሮ መሰል፣ ደረቱ ቀይ ቡናማ የሆነ የረግረግ ወፍ ነው። ጭራውን በየጊዜው ሽቅብ ሲመታ ከሥሩ ነጭ ይታያል። ሰው ብዙም አይፈራም፤ ቀስ ብላችሁ ቁሙ እንጂ አታሯሩጡት። ብሉ ዊንግድ ጉስ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር ዝይ ነው። መሬት ላይ ሲሆን ግራጫማ ቡናማ ስለሆነ ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል፤ ሰማያዊው የሚወጣው ክንፉን ሲዘረጋ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ አድርጎ ጀርባው ላይ አሳርፎ የሚሄድ ዝይ ካያችሁ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ስለሚገኙ መንጋ አትጠብቁ። ከብት የጋጠው አጭር ሣር ላይ አቢሲኒያን ሎንግክሎ አለ፤ ጉሮሮው ቢጫ፣ ከሥሩ ጥቁር ሐብል፤ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ኧርላንገርስ ላርክ በአንገቱ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት አለው። ኢትዮፒያን ሲስኪን የተባለችው ጥቁር አናት ያላት ቢጫማ ወፍ በመንጋ ሆና ኩርንችት መሐል ትለቅማለች።

የሱሉልታ ረግረግ በየዓመቱ በግንባታ እየጠበበ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የተመዘገበ የጂፒኤስ ነጥብ ይዛችሁ ብትሄዱ አጥር ልታገኙ ትችላላችሁ። ከጉዞው በፊት የቅርብ ጊዜ ምዝገባዎችን ብቻ ተመልከቱ።

እዚህ ላይ አንድ ወፍ ከዝርዝራችሁ አውጡ። ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴል በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች አንዷ ናት፤ በክረምት የምትራባባቸው የታወቁ ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በሆለታ በኩል ያለው በርጋ እና በሱሉልታ አካባቢ ያለው ወሰርቢ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ሣሩ ውስጥ ጎጆ ትሠራለች። እሷን ለማስነሣት ሣሩን መርገጥ እንቁላል መርገጥ ነው። በስልክ ድምፅ መጥራትም አይሆንም። አንድ ቁጥር ይቅርባችሁ።

ገፈርሳና ቢሾፍቱ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት

ገፈርሳ ከቡራዩ ቀጥሎ በአምቦ መንገድ ላይ ነው፤ ከአስኮ ትራንስፖርት አለ። የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ግድብ ስለሆነ ጥበቃ አለው፤ ሳትጠይቁ አትግቡ። ጠዋት በምሥራቁ ዳርቻ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በተቃራኒው። ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጎ ዳክዬ የሚለይ ሰው የለም፤ ሁሉም ጥቁር ቅርጽ ይሆናል።

የውኃ ወፎች ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ጥቅምት ላይ ነው። ከሰሜን የሚመጡት ዳክዬዎች፣ ሾቬለር፣ ፒንቴልና ጋርጋኒ፣ በዚያን ጊዜ ወንዶቹም ሴት ይመስላሉ። ታኅሣሥ ላይ፣ ከጋርጋኒ በቀር፣ አብዛኞቹ ወንዶች ቀለማቸውን ይለብሳሉ፤ በአንድ ጠዋት አምስት ስድስት ዝርያ ያለ ክርክር ይመዘገባል። ጥቅምት ላይ የግድ ከሆነ ምንቃር እዩ፦ የሾቬለር እንደ አካፋ ሰፊ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት የሎ ቢልድ ዳክ፣ ኢጂፕሺያን ጉስና ሬድ ኖብድ ኩት ግን በማንኛውም ወር ይገኛሉ፤ ለእነሱ ጉዞ አታባክኑ።

ቢሾፍቱ ሙሉ ቀን ይገባታል። ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሡ። በሆራ ሐይቅ ላይ ማኮአ ዳክ የተባለው ዳክዬ ይፈለጋል፦ ወንዱ ቀይ ቡናማ፣ ምንቃሩ ሰማያዊ፣ ጭራው ግትር። ስለሚጠልቅ አንዱን ቦታ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ተመልከቱ፤ በአንድ ዙር እይታ «የለም» ብሎ መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው። ከቀትር በፊት የሐይቁን ዳር ዛፎች ዙሩ፤ ባንድድ ባርቤትና ከደጋው የማይገኙ ስታርሊንጎች እዚህ ናቸው። የከሰዓቱን ክፍል ለጨለለቃ ረግረግ አቆዩ። ከኅዳር እስከ የካቲት ኮመን ክሬን የተባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ቀን በታጨደ የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ ይውሉና ከ11 ሰዓት በኋላ ለአዳር ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይመለሳሉ። ቀትር ላይ ሄዶ ባዶ ረግረግ ያየ ሰው ብዙ ነው። የውኃው መጠን በየዓመቱ ስለሚለያይ፣ ደርቆ ካገኛችሁት በዙሪያው ያሉትን ማሳዎች ፈልጉ።

ሁለት ማሳሰቢያ ስለ ቢሾፍቱ። ከመስቀል በዓል በኋላ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ በሚከበርበት ሰሞን ለወፍ አትሂዱ፤ ሰውም መንገድም አይገኝም። ከተማዋ የአየር ኃይል ሠፈር ስላለባት ባይናኩላራችሁን በምን አቅጣጫ እንደምታነሡ አስተውሉ፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ዝቅ አድርጉት።

አባ ሳሙኤል ግድብ፣ በአቃቂ በኩል፣ ሽታውና እምቦጩ ያስቸግራል፤ ሆኖም ሽመላና ፔሊካን ሊያስገኝ ይችላል። ግማሽ ቀን ስጡት፤ ከዚያ በላይ አይገባውም።

መናገሻ ሱባ፣ ጉለሌ፣ እንጦጦ

ደን የሚሻው ትዕግሥት ሌላ ነው። መናገሻ ሱባ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል፤ ዛሬም ያረጁ ጽዶች፣ ዝግባና ወይራ ያሉበት በከተማው ዙሪያ የቀረ እውነተኛ ደን ነው። መንገዱ በክረምት ስለሚያዳልጥ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያዙት። መግቢያ ክፍያ አለ፤ ከፍ ያለ መኪና በቡድን መከራየት ይረክሳል።

ደን ውስጥ የሚሄድ ሰው ወፍ አያይም። መንገድ የሚገናኝበት ወይም ዛፍ የወደቀበት ክፍት ቦታ ፈልጋችሁ 20 ደቂቃ ቁሙ። ዋይት ባክድ ብላክ ቲት፣ አቢሲኒያን ዉድፔከር የተባለው ግንደ ቆርቁርና ሌሎች ትናንሾች አብረው ስለሚዘዋወሩ፣ አንዱ ከታየ ሌሎቹ በዙሪያው ናቸው፤ ያን ጊዜ ማስታወሻ አትጻፉ፤ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ዋይት ቺክድ ቱራኮ በዛፍ አናት ላይ ይሮጣል፤ ሲበር የክንፉ ቀይ ድንገት ይወጣል። አቢሲኒያን ካትበርድ ግራጫ ነው፤ ግንባሩ ነጭ፣ ከጭራው ሥር ቀይ ቡናማ። ጥንዶቹ እየተቀባበሉ ጮክ ብለው ስለሚዘምሩ ብዙ ጊዜ በጆሮ ይገኛል። የሎ ፍሮንትድ ፓሮት የተባለው በቀቀን የሚያዘው ማለዳና አመሻሽ እየጮኸ ሲበር ነው፤ በቀትር ቅጠል ውስጥ ተቀምጦ ዝም ይላል፤ ሥሩ ቆማችሁም አታዩትም። ስለዚህ መናገሻ ከረፈደ የሚደርስ ጉዞ ግማሹን አጥቷል።

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለመናገሻ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ በር የሚከፈትበትን ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ። እንጦጦ ላይ ትልቁ ስሕተት ባሕር ዛፍ ውስጥ መዋል ነው። ባሕር ዛፉ ውስጥ ነፍሳትም ቁጥቋጦም ስለሚያንሱ ወፍ ጥቂት ነው። የተረፈ ጽድና ኮሶ ያለበትን፣ ክፍት ሣር ያለበትን ጫፍ ፈልጉ፤ ሙርላንድ ቻትና ኤርክልስ ፍራንኮሊን የተባለው ቆቅ እዚያ ናቸው። ከሦስት ሰዓት በኋላ አየሩ ሲሞቅ ሰማዩን ተመልከቱ፤ ንስርና ጥንብ አንሣ የሚወጣው ያኔ ነው።

የሚያሳስቱ

ዝርዝር የሚበላሸው በብርቅዬ ወፍ አይደለም፤ በየቀኑ በሚታዩት ነው። «አሞራ» ወይም «ጭልፊት» ብሎ መጻፍ ምንም አይቆጠርም፤ በሁለቱ ስም ሥር ከአሥር በላይ ዝርያ አለ።

ቁራዎቹን እንውሰድ። ቲክ ቢልድ ሬቨን ግዙፍ ጎባጣ ምንቃርና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ፓይድ ክሮው ነጩ ደረቱን ይሸፍናል። ኬፕ ሩክ ሙሉ ጥቁር፣ ምንቃሩ ቀጭን፣ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ይገኛል። ፋን ቴልድ ሬቨን ሲበር ጭራ የሌለው ይመስላል፤ ገደል ይወዳል።

ንስር ላይ፣ በበጋ የሚመጣው ስቴፕ ኢግል እና ነዋሪው ቶኒ ኢግል ይመሳሰላሉ። ተቀምጠው ካገኛችኋቸው የአፉን ቢጫ መስመር እዩ፦ እስከ ዓይኑ የኋላ ጠርዝ ከዘለቀ ስቴፕ፣ መሐል ዓይኑ ሥር ከቆመ ቶኒ ነው። ከሩቅ ሲበር ይህ አይታይም፤ ዝም ብላችሁ «ንስር፣ ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ። ሃሪየር የተባሉት አዳኝ ወፎች ሴቶቻቸውና ወጣቶቻቸውም ያው ናቸው፤ የፓሊድ ሃሪየር ወጣት በአንገቱ ዙሪያ ገርጣ ያለ ቀለበትና ከኋላው ጥቁር ጥላ አለው፤ ይህን ካላያችሁ አትወስኑ። ወንዶቹ የተሻሉ ናቸው፤ እነሱን ጠብቁ።

ዋትልድ አይቢስ ሲበር ክንፉ ላይ ትልቅ ነጭ ይታያል፤ ሃዳዳ የተባለው ሌላው አይቢስ ይህ የለውም። ስሙን ያገኘበትን የጉሮሮ ሥጋ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ከሩቅ አይታይም። ሲስቲኮላ የተባሉት ትናንሽ የሣር ወፎች በመልክ አይለዩም፤ በድምፅ ነው። ድምፃቸውን በስልክ ቅረጹና ቤት ገብታችሁ አነጻጽሩ።

የሎ ቢልድ ካይት የተባለውን አሞራ በሚመለከት፣ ኢበርድ ከብላክ ካይት ጋር አንድ ዝርያ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሁለት ቁጥር የጨመረ ሰው አንዱን ይመልሳል። የዝርያ ስያሜ በየዓመቱ ስለሚሻሻል፣ አንድ የስያሜ ዝርዝር መርጣችሁ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በእሱ ጽኑ።

አመዘጋገብ

በመስክ ላይ ኢበርድን ተጠቀሙ፤ የኢትዮጵያን የወፍ ጥቅል፣ ማለትም መተግበሪያው ያለ ኔትወርክ የሚጠቀምበትን የዝርያ ስሞች ፋይል፣ ቤት ሳላችሁ በዋይፋይ አውርዱ፤ መናገሻ ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ። አንድ ዝርዝር ከሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር አይብለጥ። ሱሉልታንና እንጦጦን በአንድ ዝርዝር መጨፍለቅ መረጃውን ለማንም የማይጠቅም ያደርገዋል። ያያችሁትን ሁሉ፣ ርግቧንም ጭምር፣ ከነብዛታቸው መዝግቡ፤ በትክክል መቁጠር ካልተቻለ ግምት ጻፉ።

መተግበሪያው በእኛ አቆጣጠር ስለማይደምር የራሳችሁ ኤክሴል ያስፈልጋል። ዓምዶቹ፦ ተራ ቁጥር፣ የዝርያ ስም፣ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ ታየ ወይስ ተሰማ፣ ማስረጃ። የተሰማ ብቻ የሆነ ወፍ ይቆጠር አይቆጠር መስከረም 1 ላይ ወስኑ። እኛ ይቆጠር እንላለን፤ ግን በተለየ ቀለም፤ ዓመቱ ሲዘጋ ሁለቱንም ድምር እንድታውቁት። ማስረጃ ማለት ደብዛዛ የስልክ ፎቶም ሊሆን ይችላል። ፎቶ ከሌለ፣ መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ፤ መጽሐፉ ከተከፈተ በኋላ ዓይን ያላየውን ያስታውሳል።

ሰው፣ ጥበቃ፣ ውሻ

ባይናኩላር ያንጠለጠለ ሰው ጥያቄ ያስነሣል፤ ይህ የአካባቢው ሰው ጥፋት አይደለም። መታወቂያ ያዙ። ወደ ማሳ ከመግባታችሁ በፊት ያገኛችሁትን አባወራ ወይም እረኛ ሰላም በሉ፤ ከከተማው ወጣ ሲባል በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር ብዙ በር ይከፍታል፤ ለምን እንደመጣችሁ ሲጠይቁ «ሲምቢሮ» (ወፍ) ብላችሁ መጽሐፉን ግለጡላቸው። ልጆች ሲሰበሰቡ ባይናኩላሩን በየተራ አሳዩአቸው። ሩዤስ ሬል የትኛው ጅረት ላይ እንደሚውል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለእያንዳንዱ ወፍ ገንዘብ መክፈል ግን አትልመዱ፤ ጎጆ እየፈለጉ ማስነሣት ይጀምራሉ።

ወደ ወታደራዊ ሠፈር፣ ወደ ግድብ ግንብ፣ ወደ አንቴና አታነጣጥሩ። ብቻችሁን አትውጡ፤ ሁለት ሦስት መሆን ይሻላል። ወደ ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ እዚያ ከሚኖር ሰው ጠይቁ። የእረኛ ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ ቁሙ፤ ባለቤቱን ተጣሩ። እንጦጦ ላይ ሳይነጋ አትድረሱ፤ ጅቡ ገና አልገባም።

የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ

መጋቢትና ሚያዝያ የመልስ ጉዞ ነው። በመስከረም ያላያችኋቸው ተሻጋሪዎች፣ በተለይ ዊትየር የተባሉት ትናንሽ ወፎችና ንብ በሎች፣ በሱሉልታና በአቃቂ ማሳዎች ላይ ለጥቂት ቀን ይታያሉ፤ ከዝናብ ማግስት ያለው ጠዋት ይመረጣል። ግንቦት ደካማ ወር ነው፤ ዕረፍት አድርጉበት ወይም ድምፅ አጥኑ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ኩኩዎች ይጮኻሉ። ሬድ ቼስትድ ኩኩ ሦስት የሚወርድ ድምፅ ደጋግሞ ያሰማል፤ ዲዴሪክም በዚያው ሰሞን ነው። በዝምታው ወራት ሥሩ ብታልፉም አታዩትም ነበርና፣ ድምፁን ሰኔ ሳይገባ አጥኑ።

ሐምሌና ነሐሴ የጎደለውን የምትሞሉበት ነው። ኤክሴሉን ክፈቱና ያልተመዘገቡትን በሦስት ክፈሉ፦ አሁን በክቡ ውስጥ የሌሉ፣ ያሉ ግን ቦታቸው የማይደረስ፣ ያሉና የሚደረስባቸው። ሦስተኛው ላይ ብቻ ሥሩ። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ የደጋ ነዋሪዎች ናቸው፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ቁጥቋጦ ላይ ወጥተው ላባቸውን ያደርቃሉ፤ ለማየት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ቀኑን ሙሉ ከመውጣት ይልቅ ቦት ጫማችሁን በር ላይ አስቀምጣችሁ ዝናቡ የሚያባራበትን ጠብቁ። ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ስለሆነች፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፣ ለሱሉልታ ቢሾፖች የመጨረሻ ጠዋት እንጂ ለአዲስ ቦታ መሞከሪያ አታድርጓት።